ማን ይቀብረኛል ላልከው

ውድ ያረጋል፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ያለሱ ስለማይጀመር ነው። አንተ ለእኔ ውድ ሆነህ አታውቅም። ከንፈርህ ሥር የምትወትፈው ቱምባክ የሚሉት ትንባሆ፣ ግድግዳ ላይ የምትተፋው ጥቁር ምራቅ፣ ከማለዳ ጀምሮ ከአፍህ የሚወጣው የአረቄ ሽታ፣ እዚህ ሰፈራችን ዴም መንገድ ላይ ባየሁህ ቁጥር ያስጸይፉኝ ነበር። ዛሬም ያስጸይፉኛል። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ ቀጥሎ የምለው ነገር ከፍቅር የመጣ እንዳይመስልህ ነው።

ቤቲ ሻይዋን ከምትሸጥበት ከጀሪፍ መጥታ መልእክትህን አደረሰችልኝ። ጉበትህ አብጧል፣ ከአልጋ አትወርድም፣ የምትጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው አለችኝ፤ «ብሞት እድሩ ይቀብረኛል ወይስ አይቀብረኝም?» የእድሩ ሰብሳቢ እኔ ስለሆንኩ መልሱን የምጽፍልህ እኔ ነኝ። እሷ ታነብልሃለች።

ከእድሩ ለምን እንደተባረርክ ሁለታችንም እናውቃለን። አንተ ግን እየሳቅክ ስለምታወራው እኔ ሳልስቅ ልጻፈው። የፋሲካ በጎች እንድታርድልን አደራ ሰጥተንህ ነበር። እዚህ ሱዳን የክርስቲያን ሥጋ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ በየበዓሉ በስመ አብ ብሎ የሚያርድልን ሰው ያስፈልገናል፤ ያ ሰው አንተ ነበርክ። በጎቹን በቁማቸው ሸጠህ ጠጣህባቸው። ለእኛ ግን፣ ተቀጥረህ ከምትሠራበት ከፈድል ሥጋ ቤት የተቆራረጠ ሥጋ አምጥተህ «ራሴ ያረድኩት ነው» አልከን። ሁዳዴን ሙሉ የጾመ ሰው በእስላም ሥጋ ፈሰከ። ነገሩን ያወቅነው ፈድል ራሱ፣ ምስኪን፣ መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ እንደ አገሩ አክብሮት «ሐጃ፣ ዘንድሮ ለበዓላችሁ ከእኔ ስለወሰዳችሁ አላህ ይባርክላችሁ» ሲለኝ ነው። ሽማግሌዎች ፊት አቁመን ስንጠይቅህ «አልጣፈጣችሁም እንዴ?» አልክ። ያባረርንህ ያን ቀን ነው። ውሳኔውን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ አልጸጸትበትም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ እኔና ልጄ ገሊላ ብቻችንን ቀረን። ዱቄቱም ውሃውም አለቀ። እግዚአብሔር መልአኩን እንዲልክልን ቀን ከሌት ስለምን ከርሜ በሩ ተደበደበ፤ ብከፍተው አንተ! በአህያ የሚጎተት ካሮ ይዘህ፣ ሰክረህ፣ «እትዬ፣ ያላ፣ ተነሺ!» አልከኝ። ጎረቤታችን ኢንቲሳር ጥላቸው በሄደችው ቶብ በሚባሉ ሰፋፊ መጠቅለያዎች ሁለታችንን ጠቅልለህ እንደ ሱዳን ሴት አድርገህ ጫንከን።

ወደ ጀሪፍ በሚወስደው መንገድ ላይ ታጣቂዎች ኬላ ዘርግተው ሐበሻ ይለዩ ነበር። ከፊታችን ከነበረ ሚኒባስ ሁለት ሴቶችን በማተባቸው ለይተው አወረዱ። አንድ ግቢ ውስጥ አስገቧቸው። ሲወጡ አላየንም።

«ማተባችሁን ስጡኝ» አልክ ዞር ሳትል።

«ማተቤን ከምበጥስ አንገቴ ይበጠስ።»

«አንገትሽንማ እነሱ ይበጥሱልሻል፣ አታስቢ። የገሊላስ አንገት?»

በዚያች በሥጋ ቢላህ የሁለታችንንም ክር ቆረጥክ። መስቀሎቹን ልትወረውር እጅህን ስታነሣ «መስቀሌን ከጣልክ እዚሁ እወርዳለሁ» አልኩህ። ሰደብከኝ፤ ስድቡን አልጽፈውም። ከዚያ ሁለቱንም መስቀሎች አፍህ ውስጥ ከተህ ከቱምባኩ ጋር ከንፈርህ ሥር ወተፍካቸው።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አለ ታጣቂው።

«ሚስቶቼ ናቸው። የከሰላ ሴቶች። ዎላሂ፣ አንዳቸውም ወጥ መሥራት አይችሉም!» አልክና ጫማው አጠገብ ጥቁር ምራቅህን ተፋህ።

ሰውየው ሳቀ። ወደ እኔ ዞሮ «ሐጃ፣ እውነት ባልሽ ነው?» አለኝ።

«አይዋ» አልኩ።

«አላህ ይርዳሽ» አለኝ። ከልቡ ይመስለኛል።

ኪስህን ገለበጡ፣ ካሮው ላይ የነበረውን ሣር በሳንጃ ወጉት። ያበጠ ከንፈርህን ግን ልብ ያለው የለም። ቱምባክ የወተፈ ወንድ እዚህ አገር ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

ጀሪፍ ስንደርስ መስቀሎቹን መዳፌ ላይ ተፋሃቸው። ጠቁረዋል፣ ሞቀዋል፣ በለሃጭህ ተለውሰዋል። መንገድ ዳር ተደፍቼ አስመለሰኝ። አንተ አፍህን በእጅጌህ ጠርገህ «ስንት ዘመን ሳልቆርብ፣ እትዬ፣ ዛሬ መስቀል አጎረስሽኝ» አልክና የቀሩትን ሰዎች ልታመጣ ካሮህን አዞርክ። ብዙዎቻችንን እንዲሁ እየጠጣህና እየዋሸህ አወጣኸን።

አሁን ወደ ዴም ተመልሰናል፤ ባለፈው እሑድ ጣሪያው በተገነጠለው የእድሩ አዳራሽ ተሰብስበን ጉዳይህን አየን። ጸሐፊያችን ገዛኸኝ «ስለ ሥጋው ይቅርታ ይጠይቅና ይታያል» አለ። ቤቲ ተነሥታ «ጠይቄው ነበር፤ ‹ሥጋውስ ይጣፍጥ ነበር› ነው ያለኝ» አለች። ግማሹ ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ቀጥሎ ጦርነቱን አዲስ አበባ ያሳለፈው መምህር ሰብስቤ ተነሣ። «እግዚአብሔር ወንድማችንን ያን ሁሉ ዘመን ለዚያ ቀን ሲያዘጋጀው ነበር» ብሎ ረዓብን ጠቀሰ፣ ጴጥሮስን ጠቀሰ። ሰዉ እልል አለ። ሲናገር ብትሰማው፣ አንተ ታጥበህ፣ ነጭ ነጠላ ለብሰህ፣ ፊታችን የቆምክ ይመስልህ ነበር። ያኔ ስብከቱ ከአንተም በላይ አስጠላኝ። መጽሐፍ ላይ ያሉ ኃጢአተኞች አይሸቱም። የረዓብን አንሶላ ያጠበ ሰባኪ የለም።

«መምህር፣ ጀሪፍ ሄደህ አይተኸዋል?» አልኩት።

«ገና ነኝ፣ እትዬ፤ መንገዱ እንደምታውቂው...»

«እንግዲያው ተቀመጥ።»

ቤቴ ስገባ ግን የተናገረው ነገር አልለቅ አለኝ። እውነት ከሆነስ? እውነት ከሆነ እግዚአብሔር ያዘጋጀው መልካም ነገርህን አይደለም፤ ብዙም የለህ። ከሥጋ ቤቱ የለቀምከውን አረብኛ፣ ዓይንህን ሳታሽ የምትዋሸውን ውሸት፣ ያንን ከንፈር፣ እኔ የምጸየፈውን በሙሉ ወስዶ ሠራበት። እኔ ጾሜንና ስግደቴን፣ ሐሰት የማያውቅ አፌን ይዤ ስጠብቀው ኖሬ፣ በዚያች ቀን የፈለገው ከእኔ አንዲት «አይዋ» ብቻ ሆነች። ይህን ስጽፍ ደስ አላለኝም። በዚህ ጉዳይ ከእግዚአብሔር ጋር ገና አልታረቅንም።

አንተም አትኩራ። ሰው ስላዳነ ውሸትህ እውነት አልሆነም፤ ያበላኸንም ሥጋ አልተባረከም። እግዚአብሔር አዘጋጀህ ማለት ጨረሰህ ማለት አይደለም።

መልሱ ይኸውልህ። እድሩ ይቅርታ ያልጠየቀ ሰው አይቀብርም፤ ደንቡንም አላስፈረስኩም። የአባል ቤተሰብ ግን ይቀብራል። ስምህን ከእኔ ቤተሰብ ጋር አስገብቼዋለሁ። ገዛኸኝ «ምንሽ ነው ብዬ ልጻፍ?» ሲለኝ «ባዶውን ተወው» አልኩት። ስለዚህ ትቀበራለህ።

እስከዚያው ግን በቁምህ ቤቴ ትገባለህ። ንስሐ አባቴ ሊናዝዙህ ፈቅደዋል፤ አንተ ከተኛህበት፣ አረቄ ከሚሸጥበት ግቢ ግን አይገቡም። ለእኛ ያልተናገርከውን ለእሳቸው ተናገር። ቤቴ ቱምባክ አይገባም። ግድግዳዬ ላይ አይተፋም። እግርህን የማጥበው እኔ ነኝ፤ እየተጸየፍኩ ነው የማጥብህ፣ ፊቴን ሳዞር ብታየኝ እንዳይከፋህ። ያደገ ጥፍርህንም ያን ጊዜ እንቆርጠዋለን።

ነገ ከሰዓት በኋላ፣ ኢንሻአላህ፣ ባለሦስት እግር ሪክሻ ይዤ እመጣለሁ። በሩ ከውስጥ ሳይቆለፍ ይቆየኝ። ተነሥተህ መክፈት እንደማትችል ቤቲ ነግራኛለች።

ወለተማርያም
ከዴም