ከኮትዎ ኪስ ስለወጣው ክርክር

ይድረስ ለክቡር ከንቲባችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ እጠይቃለሁ። እሑድ ከቀትር በኋላ በቴሌቪዥን እንዳየሁዎት ፊትዎ ወዝ አለው፣ ድምፅዎ አልሻከረም፣ የኮትዎ እጀታም ቀጥ ብሎ ወርዷል። ስለ እጀታው በእርግጠኝነት የምናገረው የተኮስኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ከገበያው በስተጀርባ ባለው ላውንደሪ ሠላሳ አንድ ዓመት ካውያ የያዝኩ ሴት ነኝ፤ የእርስዎን ልብስ ብቻ ዘጠኝ ዓመት ተኩሻለሁ። እስከ ዛሬ አለመተዋወቃችን የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ልብስ ተኳሽ ከልብሱ ጋር ታጥፋ አትላክም።

በሥራችን ልብስ ውሃ ከመንካቱ በፊት ኪሱ ይራገፋል። የተገኘው ሁሉ፣ ማበጠሪያም ይሁን ቁልፍ፣ በትንሽ ከረጢት ገብቶ በመርፌ ቁልፍ ከልብሱ ጋር ይያያዛል። ባለፈው ረቡዕ ከኮትዎ የደረት ኪስ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣሁ። ድሮ ቢሆን ወረቀት ለእኔ ወረቀት ብቻ ስለነበር ከረጢቱ ውስጥ ከትቼው ወደ ቀጣዩ ኪስ አልፍ ነበር። ነገር ግን በእርስዎ ዘመን፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ጓሮ ባለችው ክፍል፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል ቆጠርኩ። እንግዲህ ከዚህ በታች ለምጽፈው ሁሉ ተጠያቂው እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ለዚህም ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መምህራችን ፊደል የጨረስን ተማሪዎቿ በየሳምንቱ ያገኘነውን አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ ከሳሙና ካርቶን ላይም ቢሆን፣ በእጃችን ገልብጠን እንድናመጣ ታዘናለች። እኔም ሐሙስና ዓርብ በምሳ ሰዓቴ የእርስዎን ወረቀት ገለበጥኩ። ዋናውን እንደነበረ አጥፌ ወደ ከረጢቱ መለስኩ፤ የሰው ዕቃ አስቀርቼ አላውቅም። ቅዳሜ ሾፌርዎ መጥቶ ከረጢቱን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። "ማናት ኪሱን ያራገፈችው?" ብሎ ሲጠይቅ አለቃችን በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመችና "አይዞህ፣ እሷ ናት፤ ፊደል አትለይም" አለችው። እሱም "እፎይ! እንኳን እሷ ሆነች" ብሎ ሳቀ። መማሬን ለአለቃችን አልነገርኳትም፤ ጠይቃኝም አታውቅም። ሾፌርዎን ግን ስላረፈ እንኳን ደስ አለህ ይበሉልኝ።

እሑድ በዘጠኝ ሰዓት የምርጫ ክርክሩ ሲጀመር ሥራ ላይ ነበርን፤ የሆቴል አንሶላ እሑድ አያርፍም። እኔ ካውያዬ ላይ ነኝ፣ የባሌ እህት አንሶላ ታጥፋለች፣ ውሃ ማፍሰስ ስለሚወድ ጎርፍ የምንለው የማሽን ሠራተኛ ማሽኑ አጠገብ ቆሟል። ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ፣ ግልባጬ ሽርጤ ኪስ ውስጥ። ያየሁትን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ። አወያዩ የታሸገ ፖስታ ከፍ አድርገው ካሳዩን በኋላ ጥያቄዎቹን ማንም እንዳላያቸው፣ እርሳቸው እንኳ ገና አሁን እንደሚያዩአቸው ተናግረው ጠርዙን በመቀስ በጥንቃቄ ቆረጡት። ስለ ጥንቃቄያቸው አመሰግናለሁ። ያን ያህል ለጠርዝ የሚጠነቀቅ ሰው እኛ ጋ ቢቀጠር ጥሩ ዘምዛሚ ይወጣዋል።

ሁለተኛ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ውሃ ነበር። ወረቀትዎ ከዚሁ ጥያቄ ሥር "መነጽር ማውለቅ፤ ሦስት ሰከንድ ዝም ማለት፤ ባልዲ ተሸክሞ ማደግ" ይላል። እኔም ካውያውን አቁሜ፣ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ፣ "አሁን መነጽሩን ያወልቃል" አልኩ። አወለቁ። "አሁን ዝም ይላል" አልኩ። ዝም አሉ። "አሁን ባልዲ ይሸከማል" ስል እርስዎም ገና በልጅነትዎ ባልዲ ተሸክመው ሽቅብ ይወጡ እንደነበር በተሰበረ ድምፅ ተረኩልን። ጎርፍ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የባሌ እህት "አንቺ ሴትዮ፣ ጠንቋይ ቤት መሄድ ጀመርሽ እንዴ?" አለችኝ። እውነቱን ለመናገር በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተከብሬ አላውቅም፤ ይህንንም ክብር ያገኘሁት በእርስዎ ነው።

ሦስተኛ። ስለ ተፎካካሪዎ ብዙ የምለው የለኝም። የሸሚዛቸው ኮሌታ አልተተኮሰም፤ ስለ መንገድ ሲጠየቁ መንገድ በዓለም ላይ እንዴት እንደተጀመረ ሲያስረዱን ሰዓታቸው አለቀ። እርሳቸውም ወረቀት ይኑራቸው አይኑራቸው አላውቅም። ካላቸው ኪሳቸው ውስጥ ቢተዉት ይሻላቸው ነበር።

አራተኛ። አወያዩ "አሁን ያልተጠበቀ ጥያቄ ይቀርባል" ሲሉ በወረቀትዎ ላይ ያለው ትእዛዝ "መገረም" የሚል አንድ ቃል ነው። ክቡርነትዎ ጥያቄው ከአወያዩ አፍ ሳይወጣ ተገረሙ። ወደፊት ቢያንስ የመጀመሪያዋን ቃል ቢጠብቁ መልካም ነው።

እስከዚህ ድረስ ሳቅን። አምስተኛው ላይ ግን ጣቴን ከመስመሩ አነሳሁ፤ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁና። ከሐሙስ ጀምሮ ለራሴ ስል የነበረው፣ ሰው በወረቀት ላይ ብዙ ነገር ይጽፋል፣ አፉ ላይ ሲደርስ ግን ያፍራል የሚል ነበር። ስለ እርስዎ ክፉ ያላሰብኩባቸው የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት እነዚያ ነበሩ።

አምስተኛ። "አንዲት እናት በስልክ ገብተዋል" ተባለ። እናትየዋ ድምፃቸውን እያንቀጠቀጡ "ልጄ፣ በእርጅናዬ ዓይኔን አበራህልኝ፤ ይኸው ዛሬ አነባለሁ" አሉ። ድምፃቸው ቢያረጅም ጥርሳቸው የሃያ አምስት ዓመት ነበር፤ ጥርስ የሌለበት አፍ እንዴት እንደሚናገር እኔ አውቃለሁ። እርስዎም እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው "እናቴ፣ ዛሬ በከተማችን ማንበብ የማይችል አንድም ሰው የለም" አሉና፣ ሥራው ስለተጠናቀቀ የጎልማሶች መማሪያ ክፍሉ ወደ ልህቀት ማዕከልነት እንደሚሸጋገር አበሰሩን። ወረቀትዎ ከዚህ ቃል አጠገብ በቅንፍ "ለፖስተርና ለወንበር ማስቀመጫ" ይላል። ቅንፉን በቴሌቪዥን አለማንበብዎ ትክክል ነው፤ መምህራችንም ቅንፍ ጮክ ተብሎ አይነበብም ብላናለች።

የባሌ እህት ያጠፈችውን አንሶላ መልሳ ዘረጋችው። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ እያየች "አንድም ሰው የለም አለ እኮ። እና እኔ ማን ነኝ?" አለች። በሁሉ ነገር የሚቀልደው ጎርፍ ማሽኑን አጠፋ።

የሌለችውን ሴት ላስተዋውቅዎ። ለእርስዎ ሸሚዝ ማለስለሻ የምንጨምርበት ጀሪካን ነጭ ነው። የዝገት ማስለቀቂያው አሲድ ጀሪካንም ነጭ ነው። የሚለያቸው በቀይ የተጻፈ አንድ ቃል ብቻ ነው፦ መርዝ። የዛሬ ሦስት ዓመት የባሌ እህት ተሳስታ ከሁለተኛው ቀዳች፤ ከዚያ ወዲህ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። አሁንም በየቀኑ ከሁለቱም ጀሪካኖች ትቀዳለች፤ እኔ አጠገቧ ከሌለሁ ከመቅዳቷ በፊት አሽትታ ነው የምትለየው፣ አሽትታም ቀኑን ሙሉ ታስላለች። ከስድስት ወር በፊት እጇን ይዤ ወደ ክፍሉ ወሰድኳት። በማይታጠፉ ጣቶቿ እርሳስ መያዝ ለመልመድ ብቻ አንድ ወር ፈጀባት፤ አንድ ቀን እንኳ አልቀረችም። ዛሬ "መ"ን ታውቃለች፣ "ረ"ንም ከነቤተሰቡ ታውቃለች። ከእኔ በኋላ የገቡት ጀማሪዎች የደረሱት "ተ" ላይ ስለሆነ "ዘ" ገና ናት። ክቡርነትዎ ሥራውን ያጠናቀቁት እንግዲህ በቃሉ ሁለት ሦስተኛ ላይ ነው።

ስድስተኛ። ሰኞ ከሥራ ወጥተን ወደ ክፍላችን ስንሄድ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍና ማስታወቂያ አገኘን። አሥራ ሰባት ተማሪዎች ደብተራችንን እንደያዝን ቆምን። ማስታወቂያውን ለሁሉም ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ በሰው ፊት ጮክ ብዬ ያነበብኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ ይኸው የክፍላችን መዘጋት ስለሆነ ለአጋጣሚው ባለውለታዎ ነኝ። በመስኮት ስናይ ወንበሮቻችን ተነባብረዋል፣ የእርስዎ ፎቶግራፍ ያለባቸው ፖስተሮችም ተጠቅልለው ጥቁር ሰሌዳው ላይ ተደግፈዋል። ሰሌዳው ላይ የ"ተ" ቤተሰብ ገና አልጠፋም።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ክፍሉን ይክፈቱልን። የልህቀት ማዕከል አያስፈልገንም፤ ንግግርም አያስፈልገንም። ከ"ተ" እስከ መጨረሻው ድረስ መምህራችን ጀማሪዎቹን በአምስት ወር ታደርሳቸዋለች። እስከዚያ ፖስተሮችዎን ላውንደሪው ያስቀምጥልዎታል፤ አለቃችንን አላማከርኩም፣ ግን ለእርስዎ እምቢ አትልም። ክፍሉን ካልከፈቱም እኔ ልብስዎን እተኩሳለሁ፤ የባሌ እህትም ጀሪካኖቹን እያሸተተች ትቀዳለች። ኪስዎንም እንደ ወትሮው አራግፋለሁ። ልዩነቱ ከእንግዲህ ሾፌርዎ እፎይ አለማለቱ ብቻ ነው።

ከኮሌታዎ ጀርባ ዘጠኝ ዓመት በዝምታ የቆምኩ፣ የእጀታዎን ቀጥ ማለት ከንግግርዎ አብልጬ የማምን፣ ባልዲ ተሸክመው ላደጉበት ትከሻ መልካም ጤንነት የምመኝ፣

በከተማዎ ውስጥ ማንበብ ከሚችሉት መካከል አንዷ፣
ልብስ ተኳሿ

ድኅረ ጽሑፍ። ይህች አሮጊት ክርክሩን ካየች በኋላ ቁጭ ብላ የፈጠረችው ነው እንደሚሉ ስለማውቅ ላደክምዎ አልፈልግም። ግልባጬን ክርክሩ ሊካሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ በክፍል፣ እንደ ቤት ሥራ አስረክቤአለሁ። መምህራችን አንብባ ስትጨርስ፣ ከዚያ በፊት አድርጋው የማታውቀውን፣ ከማርኩ ሥር ቀኑንና ሰዓቱን በቀይ ጽፋ ፈረመችበት። ለምን እንደሆነ ያን ቀን አልገባኝም ነበር። ሰኞ በተቆለፈው በር ፊት "ይህ ቢወጣ ሥራሽስ?" ብላት "ከተቆለፈ ክፍል ማን ያባርረኛል?" አለችኝ። ወረቀቱ አሁን ይህን ደብዳቤ ባተመው ጋዜጣ አዘጋጅ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሾፌርዎ ሊያየው ይችላል። ከአሥር ዘጠኝ አግኝቻለሁ፤ አንዱ የተቀነሰብኝ መስመሬ ስለተንጋደደ ነው። እርስዎ ግን በቃልዎ ሲወጡት አንድ ሙሉ መስመር ዘለዋል፦ "መምህሯን ማመስገን" የሚለውን። መስመር የዘለለ ተማሪ በእኛ ክፍል ደንብ ተመልሶ መጥቶ ደግሞ ይጽፋል። ክፍሉ ግን፣ እንደሚያውቁት፣ ተቆልፏል።