በጨርቅ የተቋጠረው ሽምብራ

አቦቦ፣ ሐሙስ ኅዳር 4 ቀን 1979 ዓ.ም.

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ ግን ልጻፈው። የሺን እጠላታለሁ መሰለኝ። ምንም አላደረገችኝም። ችግሩም እሱ ነው።

ዛሬ እናቴን «እማዬ» ብላ ጠራቻት። ውኃ ቀድተን ስንመለስ፣ በር ላይ፣ እንደ ቀልድ። እናቴም «ወይ ልጄ» አለቻት። በአማርኛ! እናቴ አማርኛ የምትናገረው ገበያ ላይና ከቀበሌ ሰዎች ጋር ብቻ ነበር። አሁን በአኙዋክኛ ብቻ ስናወራበት በኖርነው ቤት፣ እሳት ዳር ተቀምጣ አማርኛ ትለማመዳለች። ስትሳሳት የሺ ትስቃለች፤ እናቴም አብራ ትስቃለች። እኔ አልሳቅሁም። አለመሳቄንም ያየ የለም።

የሺ የወሎ ልጅ ናት፤ ከሰፈራው መንደር ነው የመጣችው። እናቴ ወባ ይዟት ክሊኒክ ስትተኛ፣ የሺ አጠገቧ አልጋ ላይ ነበረች። እናቷ በድርቁ ጊዜ ሞታለች። አባቷ ጋሽ አሰፋ መንደሩ ውስጥ ብቻውን ነው። እናቴ ከአልጋ ስትነሳ «ይቺ ልጅ እስክትጠና እኛ ጋ ትቆይ» ብላ ይዛት መጣች። ይኸው ወር ሆናት። ጠንክራለች። እንስራውን እንደ እኛ በጭንቅላቷ ሳይሆን በገመድ አስራ በጀርባዋ ነው የምትሸከመው፤ የሰፈሩ ልጆች ቆመው ያዩዋታል። እኔን ቆሞ ያየኝ ሰው የለም።

ዛሬ ብቻ የተመሰገነችባቸው፦
በማለዳ መነሳቷ።
ዱባውን ሳታባክን መክተፏ።
ጸጉሯ። (ጸጉር ደግሞ ተለፍቶበት የሚገኝ ነው እንዴ?)
የቆላችው ሽምብራ።

በአንድ ነገር ብቻ እበልጣታለሁ፤ ፊደል አታውቅም። እኔ እስከ አምስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ይህን ደብተር በአማርኛ የምጽፈው መጻፍ የተማርኩት በአማርኛ ስለሆነ ነው፤ ደግሞም እናቴ አታነበውም። አሁን የሺም አታነበውም። እናቴ «አስተምሪያት» ብላኝ ነበር። «እሺ» አልኩ። አላስተማርኳትም።

ዓርብ ኅዳር 5

የሺ ዓርብ ትጾማለች፤ ስለዚህ ሁላችንም ጾመኞች ሆንን። ጎረቤታችን ትኩስ ዓሣ ይዞልን መጥቶ ነበር። እናቴ «ዛሬ ይቅር፣ ልጅቷ አትበላም» ብላ መለሰችው። ዓሣ መለሰች!

በዓሣው ፋንታ ዱባና ሽምብራ ሆነ። እንዴት እንደምትሠራው ከጥግ ሆኜ አይቻለሁ፤ የማላይ መስዬ። ሽምብራውን በውኃ ታሳድራለች። ጠዋት አጥልላ በጨርቅ ታደርቀዋለች፤ ከዚያ ብረት ምጣድ ላይ። መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ሲደርስ መንጣጣት ይጀምራል። ዱባውን ከነልጣጩ በጣት ልክ ትቆርጥና በሰሊጥ ዘይት፣ በበርበሬ፣ በኮረሪማ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጨው ታሸዋለች። መጨረሻ ላይ ጥቁር አዝሙድ። ምጣዱ ላይ ካደረገችው በኋላ ዳር ዳሩ እስኪጠቁር አትነካውም። እናቴ ማንኪያ ስታነሳ እጇን ያዘቻት።

«ተይው እማዬ! ዱባና ትዳር ሲነካካ ይፈርሳል፤ እናቴ ነበረች እንዲህ የምትለው።»

እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ ስለ ትዳር ባወራ ኖሮ በማንኪያው ትመታኝ ነበር።

ጣፋጭ ነው። ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ጨመርኩ።

አሁን ወደሚያናድደው። እሑድ ጸሎቱ የሚደረገው እኛ ቤት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከተዘጋ ወዲህ በየቤቱ በተራ ነው የምንሰበሰበው፤ በቀስታ እንዘምራለን፣ ከዚያ የተገኘውን እንበላለን። ተራው ሲደርሰን ምግቡን የምሠራው እኔ ነኝ። መዘመር ላይ ድምፄ አይወጣም። በሰው ፊት ጸልዪ ሲሉኝ አንገቴን እደፋለሁ። ምግቡ ብቻ ነው የእኔ። ሲበሉ «ማን ሠራው?» ይላሉ፣ እናቴም በአገጯ ወደ እኔ ታመለክታለች። በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ሰው የሚያየኝ በዚያች ደቂቃ ነው።

እናቴ ዛሬ «እሑድ የሺ ትሥራው» አለች።

የሺ ግን «ነገ አባቴን ላየው እሄዳለሁ፣ የምመለሰው እሑድ ረፋድ ነው» አለች። «ደግሞ ሽምብራው ዛሬ አለቀ እማዬ፤ ከሰፈራው ቀለብ ያመጣሁት እሱ ብቻ ነበር።»

ደስ አለኝ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፤ ሽምብራ በማለቁ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ኅዳር 6

የሺ ጎህ ሳይቀድ ሄደች። እናቴ ማሽላው ላይ ወፍ ልትጠብቅ ወጣች። ቤቱ የኔ ብቻ ሆነ፤ እንደ ድሮው። ጠረግሁ። የሺ የምትተኛበትን ምንጣፍ ላራግፍ ሳነሳው ከሥሩ ትንሽ ቋጠሮ አገኘሁ። ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ጨርቅ ነው፤ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ጥለት አለው። ነካ ሳደርገው ተንኮሻኮሸ። ፈታሁት። ጠብቆ ስለነበር በጥርሴ ነው የፈታሁት።

ሽምብራ!

«አለቀ» ብላ ነበር። አላለቀም፤ ደብቃዋለች። ከእሷ በቀር ማንም እንዳይሠራ፣ ምስጋናው ሁሉ የእሷ እንዲሆን። ንዴት ያዘኝ። ውሸቷን ስላገኘሁባት ደስታም ነበረበት።

ዘር ይሆን እንዴ ብዬ አስቤ ነበር። ለአፍታ። ግን ዘር እንዲህ አይቀመጥም። እኛ ቤት ዘር በቅል ተደርጎ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ጭስ ይጠጣል፣ ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ነቀዝ አይደርስበትም። ጥቀርሻ የለበሰ ቅል ቢራብም አይነካም፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ምንጣፍ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ግን የሚበላ ነው፣ ወይም የተደበቀ ነው።

ሁሉንም በቅል ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ከዚያ ቋጠሮው ባዶውን እንዳይታይ ማሽላ ሞላሁበትና መልሼ አሰርኩት። ክብደቱን በእጄ መዘንኩት። ልክ ነው፤ ምንጣፉ ሥር መለስኩት።

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም።

እሑድ ኅዳር 7

ከየት ልጀምር።

በጠዋት ሽምብራውን አጠለልኩ። ዱባው ላይ ለመበተን ከግማሹ በላይ ስለማያስፈልግ የቀረውን በቅሉ ውስጥ ተውኩት፤ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ ከውኃው ጋን ጀርባ አስቀመጥኩት። ዱባውን እንደ የሺ አልቆረጥኩም። እንደ እኛ ሙሉውን በትኩስ አመድ ቀበርኩት፤ ለስልሶ ሲወጣ ሰንጥቄ የተቆላውን ሽምብራ ከነቅመሙ በላዩ በተንኩበት። ቅመሙ የእሷ፣ አመዱ የእኛ። ይህን ራሴ ነኝ ያሰብኩት።

ጸሎቱ ሲያልቅ የሺ ደረሰች። ጋሽ አሰፋም አብሯት ነበር። እንደ ሌላው ሰው ቁጭ ብለው በሉ።

የሺ ገና በመጀመሪያው ጉርሻ ዓይኗን አፈጠጠች። «አሪየት! አንቺ ነሽ የሠራሽው? እኔንማ በለጥሽኝ እኮ! እማዬ፣ ይቺ ልጅ ዝም ብላ ስታየኝ ለካ እየሰረቀችኝ ነበር!» ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እናቴ በአገጯ ሳታመለክት በፊት ሁሉም አዩኝ።

የፈለግሁት እሱ ነበር። ያገኘሁትም እሱ ነበር። እስከ አምስት ብትቆጥሩ ነው የቆየው።

ጋሽ አሰፋ ማኘኩን አቆመ። አንድ ፍሬ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃኑ አነሳት። «ይቺማ የአገራችን ናት» አለ። «የቀለቡ ነጭና ትልልቅ ነው። ይቺ ቀይ፣ አፍንጫዋ ሹል። ከየት አገኘሽው ልጄ?»

«ከገበያ» አልኩ።

«አባዬ፣ የኛ ሽምብራ አቦቦ ገበያ ከደረሰማ እኛም አገራችን ገባን በለኛ!» አለች የሺ።

እሱ አልሳቀም። ለእናቴ ነገራት፤ ቀስ እያለ፣ እንድትረዳው። የየሺ እናት በመጨረሻ ቀኖቿ ከነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ የዘር ሽምብራ ቋጠረችላት። ተርበው አልበሉትም። በመጠለያም፣ በመኪናም፣ በወባም ይዛው መጣች። «የራስሽ መሬት ላይ ሆነሽ ካልሆነ እንዳትፈቺው ብላታለች» አለ። ከሰፈራው የማኅበር እርሻ ሌላ ለጓሮ የሚሆን ቁራሽ መሬት ሰጥተውታል፤ ውኃው የሸሸበት ጥቁር አፈር። «ሽምብራ ዝናብ አይፈልግም፤ ለርጥበቱ ኅዳር ሳይወጣ መግባት አለበት። ረቡዕ መጥቼ እወስዳታለሁ፤ የእናቷን ቋጠሮ ራሷ ትፍታው።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ገበያ እንዳልሄድኩ ታውቃለች።

የሺ ሳህኑን በዱባ ልጣጭ ጠርጋ ጨረሰችው።

ሰኞ ኅዳር 8

ገበያ ሄድኩ፤ አሁን በእውነት። ከሰፈራው የመጡ ሦስት ሴቶች እህል ይሸጣሉ። ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ አልፌያቸው ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው አንዷ «ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። ቀይ ትንንሽ ሽምብራ አልኩ።

«ቀይ ሽምብራ? እሱን ያየሁት አገሬ ላይ ነው። ስታገኚ ለእኔም ንገሪኝ፣ እቴ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ መሳቋን ተወች።

ከሰዓት ከእናቴ ጋር ማሽላ ስንጠብቅ፣ ወፎቹን እያየች በቋንቋችን «ቅዳሜ ገበያ አልሄድሽም» አለች።

«አልሄድኩም።»

«እሺ።»

 ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ከየት እንደመጣብኝ ሳላውቅ «ለምን እሷን ልጄ ትያታለሽ? እኔን አሪየት ብቻ» አልኳት። ድንጋይ አንስታ ወደ ወፎቹ ወረወረች።

«እናት የሌላትን ልጅ፣ ልጄ ብሎ መጥራት ያስፈልጋል፤ ካላልሻት ማን እንደሆነች በምን ታውቃለች? የአንቺን ልጅነት ግን ማን ይጠይቃል?» አለች። «ወፏን አባርሪ፣ እየበላችብን ነው።»

አባረርኩ። ለመጮህ ተመቸኝ፤ ወፍ ሲባረር የፈለጉትን ያህል ይጮኻል።

የሺ ቋጠሮውን ከምንጣፉ ሥር አውጥታ ትራሷ አጠገብ አድርጋዋለች። አንዳንዴ ጥለቱን ትዳስሰዋለች። ውስጡ ማሽላ ነው።

ማክሰኞ ኅዳር 9

ዛሬ በቅሉ የቀረውን ልጥለው ነበር። ከእሑድ ጀምሮ ወደ ጋኑ ጀርባ ማየት ፈርቼ ነበር። ውኃ የጠጣ ዘር ምን ይሆናል፣ በዚህ ሙቀት በስብሷል ብዬ ወደ ወንዙ ልወስደው ተነሳሁ። ከጋኑ የሚንጠባጠበው ውኃ ጨርቁን አርሶታል። ገለጥኩት።

አልበሰበሰም። ከአፍንጫቸው ሥር ነጭ ነገር አውጥተዋል፤ እንደ ትንሽ ጅራት።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ቆጠርኳቸው። ያበቀሉ ሃምሳ ሦስት። ገና ያልጀመሩ አሥራ ስምንት። የለሰለሱ ዘጠኝ፤ እነሱን ለይቻለሁ። ጅራት ያወጣ ሽምብራ ይዘራ አይዘራ አላውቅም። እኛ ሽምብራ ዘርተን አናውቅም። ጋሽ አሰፋ ያውቃል፤ ለማወቅ ግን መጀመሪያ መስማት አለበት።

የሺ ገብታ «ምን እየቆጠርሽ ነው?» አለችኝ። ጨርቁን ወረወርኩበት። «ምንም» አልኩ። «አንቺና ምንምሽ!» አለችና ጸጉሬን ጎተት አድርጋ ሄደች። ነገ ከሰማች በኋላ ጸጉሬን የምትጎትተኝ አይመስለኝም። ይህ እንደሚከፋኝ አላውቅም ነበር።

ዛሬ እናቴ አንዱን ጥቀርሻ የለበሰ ቅል ከምድጃው በላይ አውርዳ የዱባ ዘር እፍኝ ሙሉ ቆጥራ ለየች፤ ለየሺ ጓሮ። ሐሙስ ዕለት ቢሆን ኖሮ እዚህ ገጽ ላይ ስንት ነገር እጽፍ ነበር! ዛሬ ዘሩን የሚይዝ ቅጠል ቆርጬ አቀበልኳት። ቅናቱ ግን አልሄደም። እዚያው አለ፤ ጥጉን ይዟል።

ያሰብኩት ይህ ነው። ነገ ጠዋት፣ ጋሽ አሰፋ ሳይመጣ፣ የሺን ከቤቱ ጀርባ እጠራታለሁ። ቅሉንም ይዤ እወጣለሁ። ቋጠሮውን እሷ ፈትታ ማሽላ ከምታገኝ እኔ እነግራታለሁ። በአፌ ግን አልችልም፤ ራሴን አውቃለሁ፣ ስጀምር ድምፄ ይጠፋል። ማንበብ እችላለሁ። ስለዚህ ይህን ደብተር እይዛለሁ። ቅሉን መሃላችን አስቀምጬ፣ ዓይኗን ሳላይ፣ አነብላታለሁ።

መጀመሪያ የቅዳሜውን ብቻ ላነብላት ነበር። አይሆንም። ከሐሙስ እጀምራለሁ፤ የመጀመሪያውን መስመርም አልዘልም።