የተቆረጠው የአስተያየቴ ክፍል ይመለስልኝ

ለተከበሩ የከተማችን ቴሌቪዥን የዜና ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ደህንነትን፣ ለካሜራዎችዎም የማያልቅ ባትሪ እመኛለሁ። እኔ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ልብስ የምሰፋ ሰው ስሆን፣ ባለፈው ሳምንት በዜናዎ ላይ ለአራት ሰከንድ ስለታየሁ መልኬን ሳያስታውሱት አይቀሩም። የጤና ጣቢያው አዲስ የብረት በር የተመረቀ ዕለት «በጣም ደስ ብሎኛል» ያልኩት ሰውዬ ነኝ። ለዚህ ክብር እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን ጊዜዎን በመሻማት በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ለጋዜጠኛዎ የሰጠሁት አስተያየት አራት ሰከንድ ሳይሆን አራት ደቂቃ ነበር። በበሩ መሠራት ደስ እንዳለኝ ከተናገርኩ በኋላ፣ በማዋለጃው ክፍል ቧንቧው ከደረቀ ሰባት ወር እንዳለፈው፣ ወላድ ይዞ የሚመጣ ሁሉ ውሃውን በጀሪካን ተሸክሞ እንደሚገባ፣ የበኩር ልጄም መውለጃዋ በዚህ ወር መሆኑን አንድ በአንድ አስረድቻለሁ። ጋዜጠኛዋ ራሷን እየነቀነቀች ሰምታኛለች፤ ካሜራ የያዘው ወንድማችንም «አባቴ፣ ጥሩ ተናግረዋል» ብሎኛል። ከመቀስ ጋር የምውል ሰው ነኝና መቁረጥ የግድ መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ ሙሉ ልብስ ላዘዘኝ ደንበኛ ኮሌታውን ብቻ አስረክቤ አላውቅም።

፪ኛ. በሩን ሲከፈትም ሲዘጋም፣ ከግራም ከቀኝም ስላሳዩን እግዜር ይስጥልኝ። የሪባኑን ቀለም፣ የእንግዶቹን ጭብጨባ፣ የተናጋሪውን የንባብ መነጽር ሳይቀር በቅርበት አይተናል። ቀጥሎም ባሕር ማዶ ስለወረደ በረዶ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ዘግባችኋል። ከአዲሱ በር እስከ ማዋለጃው ክፍል ያለው ርቀት ግን ሃያ ሁለት ሜትር ብቻ ነው፤ በልብስ መለኪያዬ ለክቼዋለሁ።

፫ኛ. ከዚያ ዜና ወዲህ ሱሪ ሊያሳጥር የሚመጣው ሁሉ «ጋሽ ደስ ብሎኛል፣ እንዴት ዋሉ?» እያለ ይገባል። እሱን እንኳ ችዬዋለሁ። አዋላጇ ነርስ ግን በመስኮቴ ስታልፍ ፊቷን ታዞርብኛለች። ሰባት ወር ሙሉ ስለ ውሃው ማመልከቻ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት፤ ሰሞኑን ደግማ ቢሮ ብትሄድ ኃላፊዎቹ «ነዋሪው መደሰቱን በቴሌቪዥን አይተናል» ብለው መልሰዋታል። ልጄም ሆዷን ይዛ «አባዬ፣ ለእኔ ስትል እንኳ አፍህን ብትከፍት ምን ነበረበት?» አለችኝ። እንደተናገርኩ ብምልላትም ያየችው ሌላ ነው። ይሄኛው አሞኛል፤ ለእርስዎ የሚሆን የምስጋና ቃልም አላገኘሁለትም።

፬ኛ. ልረሳው ነበር። ቡድንዎ ሥራውን ሲጨርስ እጁን የታጠበው በእኔ ጀሪካን ውሃ ነው። መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ ከፍተው ሞክረው ነበር።

ስለዚህ የቀረው ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ስድስት ሰከንድ ተፈልጎ እንዲተላለፍልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቦታ ከጠበበ ከአየር ትንበያው በኋላ፣ ሰው ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋ ሲነሳ ቢሆንም አይከፋኝም። ልጄ እስክታየው ድረስ አላስነሳትም።

በእናንተ ዜና ደስታዬ የማይጓደልብኝ፣ በሰፈሬ ግን ማንም የማያምነኝ፣
ታዛዥዎ የጤና ጣቢያው ጎረቤት ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ፖስታ ውስጥ ሳልከተው ባለቤቴ መጥታ የልጃችን ምጥ መጀመሩን ነገረችኝ። አዋላጇ ሦስት ጀሪካን ውሃ ያስፈልጋል ብላለች፤ እኔ ያለኝ ሁለት እጅ ነው። ቡድንዎን ከላኩልኝ በሩን ያውቁታል። ደስ ብሎኝ እንደሆነ መጠየቁ ይቅርና፣ ካሜራ የያዘው ወንድማችን በተረፈው እጁ ሦስተኛውን ይያዝልኝ።