ሳይሰናበት የሚዘጋው ሰርቨር

ቆቦ፣ ሐሙስ ኅዳር 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ቀኑን ሙሉ ያወራሁት ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውን ወሬ ግን አበላሸሁት።

ለመናኸሪያው የሠራሁት የመኪና ተራ ማሳያ ከጠዋት ጀምሮ ሲያስቸግር ዋለ። ተራው የሚታይባቸው ስልኮች ሥራቸውን ጨርሰው «ልዘጋ ነው» የሚል መልእክት ሲልኩ፣ መልእክታቸውን የሚቀበለው ሰርቨሬ መልስ ሳይሰጥ መስመሩን ይቆርጣል። እነሱም ኔትወርክ የጠፋ እየመሰላቸው ደግመው ደጋግመው ይገናኛሉ። ኮዱን የጻፍኩት እኔው ስለሆንኩ የምቆጣው ሰው እንኳ የለም።

ስህተቱን ያገኘሁት ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ልክ ያኔ አባዬ ከጎብዬ ደወለ። እናቴ ከሞተች ወዲህ የሚኖረው ብቻውን ነው። እንደ ልማዱ ሊሰናበተኝ «ጀሊሉ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ» ብሎ ዱዓውን ሲጀምር ዓይኔ ኮዱ ላይ ነበር። «እሺ አባዬ፣ ቻው» ብዬ ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ ስህተቱን አስተካከልኩት። አሁን ሰርቨሩ ሲሰናበቱት መጀመሪያ ይመልሳል፣ ከዚያ ይዘጋል። ራሱ ሲሰናበትም መልስ እስኪመጣለት ዐሥር ሰከንድ ይጠብቃል። አባዬ ትዝ ያለኝ ያቺን ዐሥር ሰከንድ ስጽፍ ነው።

ደወልኩለት።

«ቅድም አሚን ሳልልህ ዘጋሁብህ» አልኩት።

«አዎ፣ ትንሽ ጠበቅኩህ» አለኝ። «ኋላ ራሴው አሚን አልኩ።»