ለወንድሜ የተመዘገበው ጥያቄ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባባ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የስፌት መኪናውን ሲረግጡ ይወጋኛል ያሉት ቀኝ እግርዎ ተሻለው፣ ወይስ አሁንም "ደህና ነኝ" እያሉ እማዬን ያታልሏታል? ዓይንዎስ? ክር ለማስገባት ትንሿን እህቴን መጥራት ጀምረዋል ሲሉኝ ስቄ፣ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ባባ። እማዬስ እንዴት ናት? ሳሉ ለቀቃት? እኛ እዚህ ወንድሜ ቤት ሁላችንም በጤና አለን። ጤና ስል ሰውነታችን ደህና ነው ማለቴ ነው። እንቅልፍ ግን ከዚህ ቤት ከወጣ ሰንብቷል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎት የአውቶቡሱ ሹፌር ነው፤ ነገ ሱቁን ሳይከፍቱ እጅዎ ላይ አደርሳለሁ ብሎ ምሎልኛል። ለምን አልደወለችም ይሉ ይሆናል። ብደውል "ተይ" ይሉኛል፤ እርስዎ ተይ ካሉኝ ደግሞ እተዋለሁ። ነገ ረፋድ ላይ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ስብሰባ በሬዲዮ ይተላለፋል። እርስዎም እየሰፉ መስማትዎ አይቀርም፤ ሱቁም ጎረቤት አይጠፋበትም። ነገሩን ሰው ፊት በድንገት ከሚሰሙት፣ ብቻዎን ሆነው ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ያለፈውን ልንገርዎት። ባለፈው ሳምንት የጤና ሚኒስትሩ በምክር ቤት ስለ አምቡላንስ አገልግሎት ሲጠየቁ፣ አንዲት ሴት ከሕዝብ መቀመጫው ተነሥታ "ውሸት ነው!" ብላ ጮኻ ስብሰባው መቋረጡን ሰምተው ይሆናል። "ይህቺ አሳዳጊ የበደላት" ብለው ከነበረ፣ አባባ፣ አሳዳጊዋ እርስዎ ነዎት። ጥበቃዎቹ ግራና ቀኝ ክንዴን ይዘው አወጡኝ። በሩ ጋ ስንደርስ አንደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኔም ሚስቴ ታማ አምቡላንስ ስጠራ ሙዚቃ ብቻ ነው ያሰሙኝ" አለኝና ቦርሳዬን አቀበለኝ።

ያበሳጨኝ የሚኒስትሩ እርጋታ ነበር። አንዲት የምክር ቤት አባል ለአምቡላንስ ከሚደወሉት ጥሪዎች ምን ያህሉ እንደሚነሡ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም "ሁሉም" አሉ። ከሥራ ስለወጣነው ስልክ ተቀባዮች ስትጠይቃቸው "በፈቃዳቸው የለቀቁ ናቸው" ብለው ፈገግ አሉ። አፈ ጉባኤው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ፤ አለቀ። ስልኩማ ይነሣል! መንግሥት የአምቡላንሱን ሥራ ለያዘው ኩባንያ የሚከፍለው በተነሣ ስልክ ልክ ነው፤ ውሉ ስለሚደርስ አምቡላንስ የሚለው ነገር የለም። ድሮ እኛ ስልክ አንሥተን፣ ሹፌሩ "ደርሻለሁ" እስኪል ከደዋዩ ጋር እንቆይ ነበር። ኩባንያው ጨረታውን ካሸነፈ በኋላ ግን ትእዛዙ "አንሺ፣ መዝግቢ፣ ሙዚቃው ላይ አስቀምጪ፣ ሌላ አንሺ" ሆነ።

ከሥራ የተባረርኩበትን ምክንያት በስልክ አድበስብሼ ነበር የነገርኩዎት። አሁን እውነቱን ልበልዎ። አንድ የመጋዘን ጥበቃ ደረቱን አሞት ደወለ። ብቻውን ነበር። "ልጄ፣ አትዝጊብኝ" አለኝ። አልዘጋሁበትም። እንደ ድሮው ይዤው ቆየሁ፤ ስለ በሩ ቁልፍ፣ ስለ ውሻው እያወራኝ፣ አምቡላንሱ መጣ አልመጣ እያልኩ ስጠብቅ ድምፁ ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ፣ ከራሱ በፊት ጠረኑ ስለሚገባ "ሽቶ" የምንለው፣ በማግስቱ ጠራኝና በአንድ መስመር ላይ ተቀምጠሽ ሌሎች ጥሪዎች እንዳይነሡ አድርገሻል፣ የኩባንያውን ገቢ ጎድተሻል ብሎ አሰናበተኝ። ሰውየው ሞቷል ስለው "እሱ የእኛ ክፍል ጉዳይ አይደለም" አለኝ።

አምቡላንሱ ለምን እንዳልመጣ የነገረኝ እዚያው ሹፌር የሆነው ወንድሜ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ሹፌሮቹ ከዚያው ሰው ሁለተኛ ጥሪ ካልመጣ ከጋራዡ እንዳይወጡ በቃል ታዘዋል። የባሰበት መልሶ ይደውላል ነው ሐሳቡ። ያ ሰው ግን እንዴት መልሶ ይደውል? ስልኩን እኔ ይዤበት! አባባ፣ ይህን እስክሰማ ድረስ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ያን ዕለት ተረኛው ሹፌር ማን እንደነበረም ልንገርዎት፤ ወንድሜ ነበር። ሞተር አስነሥቶ፣ እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ሁለተኛውን ጥሪ ሲጠብቅ ነበር።

እርስዎ ባለፈው "ይቅርታ ጠይቂና ወደ ሥራሽ ተመለሺ" ብለውኛል። ሽቶም ያንኑ ብሎ ልኮብኛል፤ ጥፋቴን አምኜ ከፈረምኩ ይመልሰኛል። የሌለ ጥፋት አልፈርምም። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን የከፈሉልኝ፣ ሰው ሲጎትተኝ እንድከተል ከሆነ፣ አባባ፣ ገንዘብዎ በከንቱ ጠፍቷል።

ያቺ የምክር ቤት አባል ከጮኽኩ በኋላ አስፈልጋ አገኘችኝ። ቀጭን ናት፤ ስትጠይቅ ስለምትወጋ ጋዜጠኞቹ "መርፌ" ይሏታል። እርስዎ መርፌ ስለሚወዱ እሷንም ቢያዩዋት ይወዷት ነበር። "የጠየቅሁት ውሉ ላይ ያለውን ነው፤ መጠየቅ የነበረብኝ ውሉ ላይ የሌለውን ነበር" አለችኝ። ነገ በኮሚቴው ፊት እኔ ምስክርነት እሰጣለሁ። ኩባንያውም የራሱን ምስክር ያቀርባል፤ በሥራው ደስተኛ የሆነ፣ ትሑት፣ ከአለቃ ጋር ተጣልቶ የማያውቅ ሠራተኛ። ማንን እንደመረጡ ገምተዋል። ሹፌሩ የእኔ ወንድም መሆኑን ሽቶ አሳምሮ ያውቃል፤ አፌን ለማስያዝ ነው።

የኮሚቴው ደንብ እንዲህ ነው፤ ለምስክር የሚቀርብ ጥያቄ በዋዜማው ከቀትር በፊት ተጽፎ ይመዘገባል፣ ታሽጎም እስከ ስብሰባው ይቆያል። ያልተመዘገበ አይጠየቅም። መርፌ "ለሹፌሩ ምን ልጠይቀው?" ስትለኝ ላስብበት አልኳት። ጥያቄውን አውቀዋለሁ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሁለተኛ ካልተደወለ አትውጡ ተብላችሁ ታውቃላችሁ ወይ? ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ መዋሸት እንደማይሆንለት ያውቃሉ፤ ሲዋሽ ጆሮው ነው የሚቀላው። እውነቱን ከመለሰ ደግሞ በማግስቱ ሥራ የለውም።

ትናንት ምሳ ላይ ጉዳዩን ለወንድሜና ለሚስቱ አነሣሁላቸው። ሚስቱ ወሯ ገብቷል፤ ወንበር ላይ እንኳ በግድ ነው የምትቀመጠው። "እናንተ እውነት ትናገሩና እኔ እውነት ቀቅዬ ላብላ?" አለች። ቀጥላም "ያቺ መርፌሽ የልጄን ልብስ ትሰፋልኛለች?" ብላ ሳህኑን ገፋችው። አልፈረድኩባትም። ግን እኔም አላስቻለኝምና "ምጥ ሲይዝሽ የት ነው የምንደውለው?" አልኳት። አባባ፣ ያን ማለት አልነበረብኝም፤ አለቀሰች። ወንድሜ ሳህኑን ወደ ሚስቱ መለሰና "ስሚ" አለኝ፣ "ከተጠየቅሁ አልዋሽም። ካልተጠየቅሁ ግን አፌን አልከፍትም። ምረጥ እንዳትዪኝ፤ አንቺው ምረጪ። የመረጥሽውን ደግሞ አትንገሪኝ፤ ነገ መንዳት አለብኝ፣ ልተኛ።"

ዛሬ ጠዋት የኮሚቴው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ብዙ ቆምኩ። የራሴን እልህ በወንድሜ እንጀራ እየከፈልኩ እንዳይሆን ራሴን መረመርኩ። አላውቅም አባባ፤ እልህ የለብኝም ብል ይስቁብኛል። ግን ጥያቄውን ትቼ ወደ ቤት ብመለስ፣ ሹፌሮቹ ነገም ሞተር አስነሥተው ይቀመጣሉ። ደግሞም ወንድሜ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው አይመስልም፤ ምግብ ይቀርብለታል እንጂ አይበላም። ሊጠይቀው የሚገባ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ገብቼ በመርፌ ስም አስመዘገብኩት። ጸሐፊዋ ማኅተሙን መታችበት።

እሱ እስካሁን አያውቅም። አሁን ጓዳ ሆኖ የነገውን ሸሚዝ እየተኮሰ ነው። እባክዎ ጠዋት እንዳይደውሉለት፤ ድምፅዎን ከሰማ ሁሉን ይረዳል። ማታ ግን ይደውሉለት። መልሶም ይሁን አፉ ተሳስሮ ዝም ብሎ፣ "ምን አደረግህ?" ብለው አይጀምሩት። "በላህ ወይ?" ይበሉት። እኔን እንደፈለጉ ይቆጡኝ፤ ስቆጣ የኖርኩ ልጅ ነኝ፣ እችለዋለሁ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ይህን ሲያነቡላት ስለ መጋዘኑ ጥበቃ ያለውን ይዝለሉት። ለትንሿ እህቴ ፈተናዋን እንድታጠና፣ የእኔን ጫማ ደግሞ እንድታወልቅ ይንገሩልኝ። አክስቴን እጇን እስማለሁ፤ ወገቧን ትጠንቀቅ። ከሱቁ አጠገብ ያሉትን ሰዓት አዳሽ ሰላም ይበሉልኝ፤ ነገ ሬዲዮ ፊት ሲቀመጡ ስለ ልጆችዎ ክፉ ቢናገሩ አይጣሏቸው። የወንድሜ ሚስትም ዓይኗ እንዳበጠ ሆና "አባባን ሰላም በይልኝ" ብላለች። ወንድሜም ምን እንደምጽፍ ሳይጠይቅ ሰላምታውን ልኳል፤ ነገ ሥራ ቢፈታ ሚስቱን ይዞ ወደ እርስዎ ልመጣ ነው ቢልዎ፣ በሩን ከፍተው "እንኳን መጣህ" ይበሉት።

አክባሪ ልጅዎ

ከወንድሜ ቤት
ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ የካቲት 4 ቀን