ቦራ ከተዝካሬ እህል እንዳይቀምስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እኔ ወይዘሮ ደብሬ ዓለምነው፣ በክርስትና ስሜ ወለተ ሐዋርያት፣ በይጁቤ አካባቢ የዝግባ ሚካኤል አጥቢያ ነዋሪ፣ ዛሬ ማክሰኞ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. በቤቴ፣ በመደቤ ላይ ተደግፌ ይህን ኑዛዜ እናዘዛለሁ። ትንፋሼ ያጥረኛል፣ እግሬም አብጧል፤ አእምሮዬ ግን አልተነካም። ማንም ሰው አላስገደደኝም፣ አላባበለኝም፤ ያጣደፈኝ ፍርሃት ነው።

ቃሌን የሚጽፉልኝ መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው። የንስሐ አባቴ ቄስ አበባው፣ ጎረቤቶቼ አቶ ባዘዘውና ወይዘሮ መቅደላዊት በምስክርነት ተቀምጠዋል። ልጆቼ አበረና እየሩስ፣ የአበረ ሚስት የብርጓልም ይሰማሉ።

ሥጋዬ ከባለቤቴ ከድረስ አጠገብ ይረፍ።

ቤቴንና ከቤቱ በላይ ያለውን የእርሻ ይዞታዬን ለልጄ ለአበረ ሰጥቻለሁ። አባቱ አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ ያነሣውና ያስተኛው የነበረ እሱ ነውና ይገባዋል።

ካባዬን፣ የብር መስቀሌንና ሁለቱን ላሞች ለልጄ ለእየሩስ ሰጥቻለሁ። እወዳታለሁ፤ ነገር ግን ደብረ ማርቆስ ሆቴል ያለው አንድ ሰው ፈረሳችንን ቦራን ለእንግዶች ልጆች መጫወቻ እንዲገዛው ብላ ሰውየውን እዚህ ድረስ ይዛ መጥታ ነበርና በፈረሱ ነገር ቃል የላትም። በዚያ ተሸጦ ቢሆን ኖሮ በዳቦና በብስኩት ተነፍቶ ይሞት ነበር።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር እገባለሁ።

ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ድንክ ፈረስ ነው፤ ቁመቱ ከወገቤ አያልፍም። የአበረ ልጅ ዜማ ከተወለደች ጀምሮ እግሮቿ አይሸከሟትም። ቦራ ግን ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ማንም ሳይደግፋት በእጆቿ ተስባ ትወጣበታለች፣ ትምህርት ቤትም ትሄድበታለች። ሰው ሲያየው ትንሽነቱ አንጀቱን ይበላዋል፤ አንጀቱን የበላው ሁሉ ደግሞ እጁን ወደ እህል ይሰዳል።

እናቱ ባዝራይቱ እንዴት እንደ ሞተች ምስክሮቹ ያውቃሉ፤ የማያውቅ ይስማ። ለድረስ ተዝካር ጠላ ሊጠመቅ ብቅሉ በደጅ ተሰጥቶ ነበር። የመጣው ሰው ሁሉ የሟች ፈረስ ናት፣ ትብላ እያለ እፍኝ እፍኙን ሰጣት። በግርግሩ መካከል ገመዷን በጥሳ ብቅሉ ላይ ዋለች። በማግስቱ የፊት እግሮቿን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ወደ ኋላ ተደግፋ፣ ፍም ላይ እንደ ቆመች ስትንቀጠቀጥ አገኘናት። ኮቴዋን ብነካው ይፋጃል። ከከተማ የመጣው የእንስሳት ሐኪም ሕመሙ ከእህልና ከውፍረት የመጣ መሆኑን፣ በኮቴዋ ውስጥ ያለው አጥንትም ከቦታው መልቀቁን ነገረን። ከዚያ ወዲያ ወደቀች፣ አልተነሣችም። ያን ጊዜ በእሷ ላይ ትቀመጥ የነበረችው ዜማ አንገቷን አቅፋ አጠገቧ ተኝታ፣ «እምዬ፣ እኔ ነኝ የከበድኳት?» አለችኝ። አይደለሽም አልኳት፤ ያመነችኝ ግን አይመስለኝም።

ባለፈው ክረምት የቦራም ኮቴ ሞቀ። አንገቱ ላይ ጠጣር ስብ ወጥቶበት ነበር፤ ጎኑን ስንዳብሰው የጎድን አጥንቱ አይገኝም። ሐኪሙ በመድኃኒትና በምግብ ሥርዓት መለሰው፤ ሲሄድ ግን፣ «እናቴ፣ ይህ ከተደገመ አይመለስም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስነሣ ፊቴን ሳልታጠብ ኮቴውን እዳስሳለሁ። እጄ እዚያ እስኪደርስ ልቤ ቦታ የለውም።

እንግዲህ ሥርዓቱ ይህ ነው። ገብስ፣ ባቄላ፣ ብቅል፣ አተላ፣ ዳቦ በአፉ አይግባ። ምግቡ አብቦ ካለፈ በኋላ የታጨደ ድርቆሽ ነው፤ እሱም ተመዝኖ፣ ጣፋጩ እንዲወጣለት በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ተደፍቶ፣ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ይሰጠው። ከወንዙ ዳር ያለውን መስክ ለአበረ ሰጥቻለሁ፤ ነገር ግን እንደ አሁኑ ዝናሙ አባርቶ ማገጡ፣ ጣፋጩ የመስክ ሣር፣ በለመለመበት ወራት ቦራ አይግባበት። ለበሬ ማር የሆነው ሣር ለእሱ መርዝ ነው። ኮቴው ደኅና በሆነ ጊዜ በየቀኑ ይሂድ። ጎኑን ስትዳብሱት የጎድን አጥንቱ በመዳፋችሁ ይታወቃችሁ።

ደግሞም ፈርታችሁ አታስርቡት። ወፍራም ድንክ ፈረስ በአንድ ጊዜ ምግብ ቢከለከል ስቡ ወደ ደሙ ገብቶ እንደሚገድለው ሐኪሙ አስጠንቅቆናል። ቢበዛም ሞት አለ፣ ቢያንስም ሞት አለ፤ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው።

ሁላችሁ ቦራን ለአበረ የምሰጠው መስሏችኋል። አበረ ይወደዋል፤ የምፈራውም ስለሚወደው ነው። ቦራን፣ የድርቆሹን ክምርና የእህሉን ጎተራ ቁልፍ ለምራቴ ለየብርጓል ሰጥቻለሁ። ወደዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ እጇ ጠባብ ነው ስል ኖሬአለሁ። ቅቤውን በጥፍሯ ትቆነጥራለች፤ ለበዓል እንኳ ጭልፋዋ ሞልቶ አያውቅም። በዚህ ተቀይሜያታለሁ፣ ቅያሜዬም ገና አልወጣልኝም። ዛሬ ግን የምተማመነው በዚያች እጅ ነው።

ይህን ስናገር የብርጓል ቀና ብላ አየችኝና፣ «እማማ፣ ቢያሽካካብኝም አልሰጠውም» አለች። መሪጌታ፣ ይህን ቃሏን ይጻፉልኝ።

የተዝካሬን ነገር በሚመለከት፣ በግቢዬ ጠላ አይጠመቅ፣ ብቅል አይሰጣ። ለነዳያን የሚሆነው ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ይዘጋጅ። ለቅሶ ደራሹም በርኅራኄ እጁን እንዳይዘረጋ ቦራ ከቀብሬ ዕለት እስከ አርባዬ ድረስ በአቶ ባዘዘው ግቢ ይቆይ። ለምኛቸው እሺ ብለውኛል።

አበረ ይህን ሲሰማ ተነሣ። እናቱን ያለ ተዝካር ቀበረ ሊሉኝ ነው ወይ ብሎ ተከራከረ። ቄስ አበባው ተዝካር ጸሎትና ምጽዋት መሆኑን፣ በደጀ ሰላም ቢሆን ምንም እንደማይጎድልበት አስረዱት፤ እሱ ግን አልተቀመጠም። በዚህ ጊዜ እንዲህ አልኩት፦ «ልጄ፣ ለነፍሴ ብላችሁ የደገሳችሁት የዜማን እግር እንዳይወስድ እፈራለሁ።»

አበረ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደና ኪሱን ገለበጠው። የገብስ ቆሎ መሬት ላይ ፈሰሰ። «ዛሬ ጠዋትም አቅምሼዋለሁ» አለ፤ «ሲያየኝ አላስችል ይለኛል።» የብርጓል ተንበርክካ ቆሎውን አንድ በአንድ ለቀመችው።

ይህም እንደ ሆነው ይጻፍ። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም። ቃሌን የሚያፈርስ ሰው ለዜማ የሚመልሰውን ያዘጋጅ።

የጸሐፊው ቃል፦ ይህ ኑዛዜ ለተናዛዧ በምስክሮች ፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነበበላቸው፤ ቃሌ ነው አሉ። የጣት አሻራቸውን እንዲያኖሩ ቀለሙን ባቀርብላቸው ግን እጃቸውን ሰበሰቡና፣ «መጀመሪያ ኮቴውን ዳስሱልኝ» አሉ። የብርጓል ወጣች። እስክትመለስ አበረ የበሩን መቃን ይዞ ቆሞ ነበር። ተመልሳ ገብታ መዳፏን በአማቷ ጉንጭ ላይ አኖረች።

«ቀዝቃዛ ነው፣ እማማ። አራቱም ቀዝቃዛ ናቸው።»

ተናዛዧ መዳፏን በጉንጫቸው ላይ ይዘው ቆዩ። «ነገም ዳስሺው» አሉና አሻራቸውን አኖሩ።

ተናዛዥ፦ ወይዘሮ ደብሬ ዓለምነው (የጣት አሻራ)

ምስክሮች፦
ቄስ አበባው ገዳሙ (ፊርማ)
አቶ ባዘዘው ደመላሽ (ፊርማ)
ወይዘሮ መቅደላዊት አዳሙ (የጣት አሻራ)
መሪጌታ አካለ ወልድ፣ ጸሐፊና ምስክር (ፊርማ)