ደሳለች ያለ ፈቃድ ያበደረችው

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ይህ ብርድ እንዴት አደረገዎት? እናቴስ ደኅና ናት? እንሰቱን ውርጭ መታው የሚል ወሬ ሰምተን ልባችን እዚያው ጨንቻ ነው ያለው። እኔም እህቴ ደሳለችም ከናፍቆታችሁ በቀር በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነን።

ለመስቀል በመቅረታችን ማዘንዎን ከዚያ የመጣ ሰው ነገረን። ቢያዝኑ አይፈረድብዎትም። መስቀልን ከቤቱ ውጭ የዋለ ልጅ የለዎትም ነበር። እስከ ዛሬ ሳልጽፍ የቆየሁት ነገሩ እስኪለይ ብዬ ነው። አሁን ግን አንገቴን ቀና አድርጌ እጽፍልዎታለሁ።

ደሳለች ሽሮ ሜዳ ላይ ድርና ማግ እንደምትሸጥ ያውቃሉ። ያልነገርንዎት፣ እጅ ላጠረው ሸማኔ ገንዘብም ታበድር እንደነበር ነው። ሸማኔው ድር ገዝቶ፣ ጋቢውን ሠርቶ ሲሸጥ ከጥቂት ጭማሪ ጋር ይመልስላታል። ምስክር ይቀመጣል፣ ውል ይፈረማል። ለዚህ ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም።

ክረምቱ ሲወጣ ግን ኃይለ መለኮት የሚባል የሸማ ነጋዴ፣ ከሁሉም የበዛውን የወሰደው እሱ ነበር፣ ቀኑ ሲደርስ አልከፍልም አለ። ደሳለች በቀበሌያችን ፍርድ ሸንጎ ከሰሰችው። ቀጠሮው እየተገፋ የመስቀል ሰሞን ላይ ወደቀ። የቀረነው በዚህ ነው።

ሰውየው ሸንጎው ፊት ቆሞ አልካደም። ገንዘቡን መውሰዱንም መፈረሙንም አመነ። ነገር ግን ይህች ሴት የማበደር ፈቃድ የላትም፣ የትም አልተመዘገበችም፣ ስለዚህ ውሏ አያስገድደኝም አለ። ሰብሳቢው ወደ ደሳለች ዞረው እውነት መሆኑን ጠየቋት።

«ፈቃድ የለኝም፤ ሰው ግን ያውቀኛል» አለች።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይደሉም። በሰው መታወቋ መልካም ቢሆንም ሸንጎው ያልተመዘገበ አበዳሪ የተዋዋለውን ውል እንደማያስፈጽም ነገሯት። ኃይለ መለኮት ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ።

አባቴ፣ እኔ ያን ጊዜ ፈራሁ። ሌሎቹ ተበዳሪዎች ይህን ከሰሙ ማን ይከፍላል? ወሬው ሳይዛመት ዞረሽ ሰብስቢ ብዬ መከርኳት። እሷ ግን ከሌላ አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት አለችኝ። ቅዳሜ ሸማኔዎቹ ሸማቸውን ይዘው ገበያ ሲወጡ እያንዳንዳቸው ዘንድ ሄደች። ውላችን በሸንጎ አይጸናም፤ ብትከፍሉኝ በገዛ ፈቃዳችሁ ነው፤ ባትከፍሉኝ የምከስበት መንገድ የለኝም አለቻቸው። እኔ ከኋላዋ አፌን በጋቢዬ ሸፍኜ፣ አለቀልን እያልኩ ነበር።

መጀመሪያ የመጡት ጋሽ ብርሃኔ ናቸው፤ በሰፈራችን በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት ሸማኔ። የሠሩት ጋቢ ገና አልተሸጠም ነበርና እሱኑ አጣጥፈው አምጥተው ፊቷ አስቀመጡት። «እኔ የተበደርሁት ከሸንጎው አይደለም፣ ካንቺ ነው» አሏት። ደሳለች ሸንጎ ፊት ያልወረደ እንባዋ ያኔ ወረደ። ከእሳቸው በኋላ ሌሎቹም መጡ። ያለው ከፈለ፣ የሌለው ቀን ቆርጦ ሄደ።

ሁሉም መጣ አልልም። ጎረቤታችን ፈለቀ ደሳለችን ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር። ኃይለ መለኮትም እስከ ዛሬ ሰባራ ሳንቲም አልመለሰም።

በኋላ ጋሽ ብርሃኔ ሸማኔዎቹን ሰብስበው፣ ይህች ልጅ ስለእኛ ብቻዋን ለምን ትጎዳለች፣ ማኅበር አቋቁመን እንመዝገብ አሉ። ብዙ ተመላልሰን ተመዘገብን። ገንዘብ ያዥ ሲመረጥ ከደሳለች ሌላ ስም የጠራ የለም። ወረቀታችን ማኅተም ያገኘ ዕለት እኒያ የሸንጎው ሰብሳቢ ራሳቸው መጥተው እጇን ጨበጧት።

የማኅበሩ የመጀመሪያ ብድር ለማን ይሰጥ ሲባል ደሳለች ፈለቀን አስጠራችው። ሰዉ አጉረመረመ፤ እኔም ከአጉረምራሚዎቹ ነበርሁ። እሷ ግን «ድር ሳይኖረው በምን ሠርቶ ይከፍለናል?» አለች። ፈለቀ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። ይህን ስጽፍልዎት የመወርወሪያው ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ ይሰማኛል። እርስዎ ያሳደጓት ልጅ ይህች ናት።

እናቴን ጉልበቷን ሳምኩ ይበሉልኝ። ደሳለች ጥለቱን ራሷ የመረጠችለት ነጠላ በዚሁ መልእክተኛ እጅ ተልኮላታል። ወንድሜን አለማየሁን ከነባለቤቱ ከመሠረት ጋር፣ አዲስ የተወለደውንም ሕፃን ይሳሙልኝ። አክስቴ የሺሀረግ ዓይኗን እንዴት ሆነች? እሷንም ሰላም ይበሉልኝ። እርስዎ ደግሞ ደሳለችን ይመርቁልኝ፤ ምርቃትዎን ከማኅተሙ አስበልጣ እንደምትጠብቅ አውቃለሁ።

ልጅዎ የሺጥላ

ሽሮ ሜዳ፣ ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 12 ቀን 1976 ዓ.ም.